የአበልጅ ጥንቸል

ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ ዌስተርቪል በሚገኝ አንድ የከብት መኖ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ጋሼ ጣሰው ከአንድ እስር ድርቆሽ ጋር ግብግብ ገጥመው ነበር። ድርቆሹ ትራንክ ውስጥ አልገባም ብሏል፤ እሳቸውም አልተውህም ብለውታል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነው የመጡት። ድርቆሽ ሊገዛ ክራቫት ያሰረ ሰው በዚያ ሱቅ ታይቶ ስለማይታወቅ አላፊ አግዳሚው ፈረንጅ ሁሉ ፈገግ እያለ ያልፋል። የፈረንጁ ነገር አይገርምም፤ ሰውየው የዘነጡት ለድርቆሹ እንዳልሆነ በምን ያውቃል?

"ጋሼ ጣሰው፣ ይተዉት፤ እኔ ላግዝዎት" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዞር ሲሉ ሩሃማ ናት፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ንግሥት ልጅ። ዓይናቸው እያየ ያደገች ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ "ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" ብለው ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ የምን ዶክተር ተብለው ሲጠየቁ ግን ስለ አየሩ ብርድ ማውራት ይጀምራሉ። ሩሃማ ድርቆሹን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ አስገባችውና ትራንኩን ዘጋች። ከዚያ ከጫማቸው እስከ ክራቫታቸው አየቻቸውና ሰርግ እንዳለ ጠየቀች።

"አዎ፣ ለባሻ ሚስት ላመጣለት ነው" አሉ ጋሼ ጣሰው፣ ፊታቸው በርቶ።

ባሻ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ነገሩ አይገባምና መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። ጋሼ ጣሰው አገር ቤት ሳሉ በሰፈሩ የታወቁ በግ መራጭ ነበሩ። ዓመት በዓል ሲደርስ ጣሰውን ሳይዝ በግ ተራ የሚወርድ ጎረቤት አልነበረም። በስደት ዞረው ኮሎምበስ ሲገቡ ግን ሥጋው በፕላስቲክ ታሽጎ ይጠብቃል፤ መራጭ አያስፈልገውም። ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ሲጥሉ ኖሩና ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው እትዬ እናናዬ ዳውንታውን ሆስፒታል ምግብ ቤት ስለሚሠሩ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት ብቻቸውን ነው። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ እሳቸው ይሰማሉ፤ እንዲህ ሆነው ሲጠወልጉ ሊዮን የሚባል የድሮ የሥራ ጓደኛቸው አዘነላቸውና አንድ ቀን የጥንቸል ሾው ይዟቸው ሄደ።

እዚያ ያዩትን ዛሬም ሲያወሩ እጃቸውን ዘርግተው ነው። ጠቦት የሚያክል ጥንቸል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ዳኛ ወገቡን ይጨብጣል፣ ጥርሱን ያያል፣ እግሩን ገልብጦ ይመረምራል። የበግ ተራ ሥራ ነው። ጋሼ ጣሰው ልባቸው እዚያው ቀረ። ፍሌሚሽ ጃያንት የሚባለውን ትልቁን ዘር አንድ ግልገል ይዘው ተመለሱ፤ ሲያድግ ግርማ ሞገሱን አይተው ባሻ አሉት። ጥንቸል እንደማይበላ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃልና "ጣሰው በስተርጅና ጥንቸል ጀመረ" የሚል ወሬ ተነሥቶ የንስሐ አባታቸው ድረስ ደረሰ። አባ ሊገሥጹ መጥተው፣ ለመብላት እስካልሆነ ድረስ ኃጢአት የለውም ብለው ሄዱ፤ ሲወጡ ግን ዞር ብለው ባሻን አንዴ ደበስ አደረጉት። በአጭሩ ጋሼ ጣሰው ባሻን ይወዱታል። ጠዋት የሚነሡት ለእሱ ነው፤ ለእትዬ እናናዬ ይህን አይነግሯቸውም እንጂ እሳቸውም ያውቁታል።

አሁን ወደ ፓርኪንጉ እንመለስ። ሩሃማ ሙሽሪት የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀች።

"የአምሳሉ ናት" አሉ። "አበልጄ ነው። ልጁን የአብሥራን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደርነው። ከእሱ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?"

ግዢው የተፈጸመበትን መንገድም ነገሯት። ባለፈው ሰሞን ሊጠይቋቸው ሄደው በረንዳው ላይ አንዲት ጥንቸል ያያሉ፤ "እንዴት ያለች ቆንጆ ናት" ይላሉ። አቶ አምሳሉም "ካማረችህ ያንተው ናት፤ ውሰዳት" ይላሉ። ጋሼ ጣሰው በነጻ አልወስድም፣ እገዛታለሁ ይላሉ። ከዚያ ገዢው ዋጋ እየጨመረ፣ ሻጩ እየቀነሰ፣ በሩ ላይ ቆመው ሲከራከሩ የቀረበው ሾርባ ቀዘቀዘ። ገዢ የሚጨምርበት፣ ሻጭ የሚቀንስበት ገበያ ከእኛ ሰው ዘንድ ሌላ የት ይገኛል?

"ጥሩ ነው። ቼክ አድርገዋታል ግን?" አለች ሩሃማ።

"ምኗን?"

"ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ ጥርሷን፣ ወገቧን፣ እግሯን። ከመግዛትዎ በፊት።"

ጋሼ ጣሰው የአምሳሉን ኪስ ፈትሽ የተባሉ ያህል ደነገጡ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ልጅቷ አሜሪካ ያደገች ናትና አይፈረድባትም ብለው ለራሳቸው ነገሩና በትዕግሥት ማስረዳት ጀመሩ። የአበልጅ ዕቃ አይገለበጥም፤ ገልብጠህ ካየህ "ሊያታልለኝ ነው ብሎ ጠረጠረኝ" ይላል፤ ቤቱ ገብተህ፣ ማዕዱን ቆርሰህ፣ ያቀረበልህን እንስሳ አፍ ከፍተህ ማየት ሰውየውን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም።

ሩሃማ አንገቷን ደፍታ አዳመጠችና ሲጨርሱ፣ "አገር ቤት በግ ሲመርጡስ ጥርስ አያዩም ነበር?" አለች።

"ጥርስ ብቻ?" ጋሼ ጣሰው ተነቃቁ። "ጥርሱን አያለሁ፣ ወገቡን እጨብጣለሁ፣ ላቱን በእጄ እመዝናለሁ፣ አስሮጬ ትንፋሹን እሰማለሁ። ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁር ነበር።"

"ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?"

"ያ ነጋዴ ነው። ይሄ አምሳሉ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ጥንቸሏ ግን አምሳሉ አይደለችም።"

ጋሼ ጣሰው ክራቫታቸውን እንደገና ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ዘመድ ለዘመዱ በሽተኛ አይሸጥም የሚለውን ክርክራቸውን አነሡ። ሩሃማ አቶ አምሳሉ አውቀው ይሸጣሉ እንዳላለች ነገረቻቸው። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዱር ያለችው ጥንቸል ደክማ ከታየች አውሬው እሷን ስለሚመርጥ፣ ቤት ያለችውም ጠባዩ አልለቀቃትም። እስክትወድቅ ድረስ ጤነኛ ትመስላለች። ስለዚህ ባለቤቷ እንኳ ሳያውቅ ታማ ልትኖር ትችላለች አለች።

"እንዲያውም አንድ የሚከፋ በሽታ አለ" ብላ ቀጠለች። "ስናፍልስ ይሉታል፤ የጥንቸል ጉንፋን እንበለው። እንደ ሰው ጉንፋን ግን መጥቶ አይሄድም። አፍንጫዋ ሲፈስ ጥንቸሏ እንደ ሕፃን ልጅ በእጇ ትጠርገዋለች። ፊቷን ያየ ሰው ንጹሕ ናት ይላል፤ የፊት እግሯን የውስጥ ፀጉር ያየ ግን ደርቆ ተጣብቆ ያገኘዋል። እሷን አምጥተው ባሻ አጠገብ ቢያስቀምጧት፣ ባሻም ይይዘዋል።"

"መድኃኒት የለውም?"

"ያስታግሰዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይለቅም። ሳንባው ከገባ ደግሞ ይገድላል።"

ጋሼ ጣሰው መኪናቸውን ተደገፉ። ባሻ ጋራዡ ውስጥ ተጋድሞ ታያቸው። ወዲህ ደግሞ አምሳሉ አለ፣ የብርድ ልብሱ ግማሽ። ባሻን ልጣ ወይስ አምሳሉን? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህንኑ ጠየቋት።

"በሽታ አበልጅ አያውቅም ጋሼ" አለች ሩሃማ። "እኔ የምፈራልዎት ሌላ ነው። ዛሬ ሳያዩ ይወስዷታል እንበል። ባሻ ይታመማል። እርስዎ ለጋሼ አምሳሉ አይነግሯቸውም፤ ይሉኝታ ይዞዎት። በሆድዎ ግን ይይዙታል። ከዚያ ስልክ ይቀራል፣ መጠያየቅ ይቀራል፤ እሳቸውም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ይኖራሉ። አሁን ቢያዩ የሚያስከፋቸው ለአንድ ሰዓት ነው።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ጋሼ ጣሰው ራሳቸው ለስንት ሰው ተርተውታል። ቢሆንም ይሉኝታ የሚባለው ነገር በአንድ ንግግር ከአጥንት አይወጣም። ትንሽ አሰቡና የሽማግሌ መላ መጣላቸው፤ አይቶም አለማየት ይቻላል፤ እያጫወቷት፣ እያሞገሷት፣ አምሳሉ ሳያውቅ ይመረምሯታል። ሩሃማንም እንደ ሚዜ ይዘዋት ሊሄዱ ወሰኑ፤ በአንድ ቃል ኪዳን ብቻ፣ ምንም ብታይ ትንፍሽ እንዳትል። ሩሃማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተስማማች።

አቶ አምሳሉና ባለቤታቸው እትዬ ሰርካዲስ እንግዶቹን በር ላይ ተቀበሉ። ጨጨብሳ ቀረበ፣ ተበላ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት ታክስ፣ ስለ የአብሥራ ሥራ ተወራ። ሁለቱም ሽማግሎች ስለ ጥንቸል ማንሣት የፈሩ ይመስሉ ነበር፤ አቶ አምሳሉ በተለይ ሻይ ይቀዳሉ፣ እንደገና ይቀዳሉ። በመጨረሻ እትዬ ሰርካዲስ ተነሡና ሙሽሪትን በልብስ ቅርጫት አድርገው፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረው አመጧት። ዓመዳማ፣ ዝምተኛ ጥንቸል ናት። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

የጋሼ ጣሰው ምርመራ ተጀመረ። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ዓይኗን እያዩ "ዓይኗ እንዴት ያምራል" አሉ፤ ዓይኗ ጥሩ ነበር፣ እንባም ዓይነ አርም የለበትም። ቀጥለው አንድ ምሥጢር ልንገራት ብለው አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው እያንሾካሾኩ ውስጡን አዩት፤ ቅርፊት የለም፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ ረጅም እፎይታ ተነፈሱ፤ ትንፋሹ ጀርባዋ ላይ አርፎ ፀጉሯ እስከ ቆዳዋ ተከፈለ፤ ቅማልም ፎረፎርም አልታየም። ከንፈሯን ከፍ አድርገው "ሳቀች እንዴ?" አሉ፤ የላይኛው ጥርሷ በታችኛው ላይ ልክ እንደሚገባው ገጥሟል። አቶ አምሳሉ ሻዩን እንደያዙ ቀሩ።

ከዚያ ጋሼ ጣሰው እንደሚባርክ ቄስ መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ ጫኑ። እጃቸው የበግ ተራ እጅ ነው፤ ወገብ ሲጨብጥ አይሳሳትም። ከፀጉሩ ሥር አከርካሪዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ጎረበጣቸው። ፀጉሩ ሸፍኖላት እንጂ ከስታለች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ የፊት እግሯ። የጥንቸል እግር በምን ሰበብ ይታያል? ጋሼ ጣሰው ግራ ቀኙን አዩና፣ "ሰላም ልበላት እንጂ፣ ምራቴ አይደለችም እንዴ?" ብለው ቀኝ እጇን ጨበጧት። ጨብጠው አልለቀቁም፤ ቀስ ብለው ገለበጡት። የውስጡ ፀጉር ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ተጨማዷል። ግራ እጇንም ጨበጡ፤ እሱም ያው ነው። ሩሃማን አዩዋት። ሩሃማ ቃሏን ጠብቃ ጣሪያውን ታያለች።

"ጣሰው" አሉ አቶ አምሳሉ ቀስ ብለው፣ "በሁለት እጅ የሚጨበጥ ጳጳስ ነው። ደህና ነህ?"

በዚህ መካከል ጥንቸሏ አስነጠሰች።

"ይማርሽ" አሉ እትዬ ሰርካዲስ፣ በልማድ።

ጋሼ ጣሰው ላብ አላባቸው። ወስደው መንገድ ላይ ለሩሃማ ሊሰጧትና ሞተች ሊሉ አሰቡ፤ ግን ሞተች ያሉ ቀን አምሳሉ ሌላ ሊሰጥ ነው፤ ለሱ ደግሞ ሌላ ውሸት ያስፈልጋል። ቅርጫቱን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ባሻ ታያቸው። እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አምሳሉ፣ ወንድሜ" አሉ። "ይቺ ጥንቸል ታማለች። አልወስዳትም።"

አቶ አምሳሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሼ ጣሰው ዓይናቸውን ጨፈኑና የሚመጣውን ጠበቁ፤ ቁጣ ቢሆን፣ ኩርፊያ ቢሆን፣ ውጣልኝ ቢሆን ለመሸከም ተዘጋጁ። የመጣው ግን ሌላ ነበር።

"እግዜር ይስጥህ" አሉ አቶ አምሳሉ። "ይህን ሰሞን እንቅልፍ አጥቼልህ ነበር።"

ነገሩ ተዘረገፈ። ጥንቸሏን ያመጣላቸው የወንድማቸው ልጅ ቤኪ ነው፣ ለእንኳን ደስ ያላችሁ፣ በረንዳው ሲሠራ። በመጣች ቀን አስነጠሰች። ስጦታ መመለስ ነውር ነውና ዝም አሉ፤ ብርድ ነው፣ ያልፍላታል ብለው ተጽናኑ። ጋሼ ጣሰው ቆንጆ ናት ሲሉ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው ውሰዳት አሉ፤ ይወስዳል ብለው አልነበረም። እገዛታለሁ ሲባል አፋቸው ተያዘ፤ ታማለች ቢሉ "ታዲያ ለምን ውሰድ አልከኝ" ሊባል ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና እዚህ ደረሱ።

እትዬ ሰርካዲስ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ስልካቸውን አንሥተው ቤኪን ኮል አደረጉት፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። ቤኪ እሱም ከሥራ ጓደኛው የተቀበላት ቀን እንዳስነጠሰች፣ እምቢ ማለት ከብዶት እንደነበር ተናገረ። ጓደኛውስ ከማን ነው የወሰዳት? እሱን እግዜር ይወቀው። ምስኪኗ ፍጡር ከቤት ቤት በይሉኝታ ስትዞር ከርማለች፤ ሁሉም "ይማርሽ" እያለ ለቀጣዩ አሳልፏታል።

"እኔም እውነቱን ልናገር" አሉ ጋሼ ጣሰው፣ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ምን ቀረ ብለው። "ቆንጆ ናት ያልኩት ለወጉ ነው፤ ውሰዳት ስትለኝ እምቢ ማለት ከብዶኝ ራሴንም አሳመንኩ። ዘሯም የባሻ ዘር አይደለም። ለሾው የሚሆን ግልገል ከእሷ አይወለድም።"

ሻጩ ሊሸጥ አልፈለገም፣ ገዢው ሊገዛ አልፈለገም፤ ገበያው ግን ደርቶ ነበር። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ሰርካዲስ ናቸው። ከዚያ አቶ አምሳሉ ቀጠሉ፤ ጋሼ ጣሰው ግን እንባቸው እየመጣ ነው የሳቁት፤ አምሳሉን አላጡም፣ ባሻም ተርፏል።

ሩሃማ አሁን አንደበቷ ተፈታ። ጥንቸሏ ክሊኒክ ሄዳ ትታከም፤ ከዚያ ወዲያ ከሌላ ጥንቸል ጋር እንዳትቀላቀል፣ ሾውም እንዳትወጣ፤ ብቻዋን በተመቸ ቦታ ብትቀመጥ ግን ገና ብዙ ትኖራለች አለች። እትዬ ሰርካዲስ እኔ ጋ ትቆያለች ብለው ጥብጣቡን ፈቱላት። ሩሃማ ሁለቱን ሽማግሎች ደግሞ ወደ መታጠቢያው ነድታ እስከ ክርናቸው በሳሙና አሳጠበቻቸው። ጋሼ ጣሰው ቤት ሲደርሱ ያን የዘነጡበትን ሙሉ ልብስ ሳይቀይሩ ጋራዡን እንዳይረግጡ አስጠነቀቀቻቸው፤ በሽታው በእጅም በልብስም ይሄዳል።

"እንግዲህ ወደፊት እንዴት ነው የምንገዛው?" አሉ አቶ አምሳሉ፣ ፎጣ ይዘው።

"በብርሃን፣ በግልጽ፣ ባለቤቱ እያየ" አለች። "የሚበላውንም ይጠይቁ፤ ጤነኛ ጥንቸል ሲቀርብላት ትበላለች። ከኋላዋ ጅራቷ ሥር ንጹሕ ይሁን። ሁሉም ጥሩ ሆኖ እንኳ አዲሷን ወር ያህል ለብቻዋ በሌላ ክፍል ያስቀምጧት፤ መጀመሪያ የቆየውን አብልተው ከዚያ ወደ እሷ ይሂዱ። ሰውየው ከከፋው በመመርመርዎ አይደለም፣ የሚደብቀው ስላለ ነው። የሚደብቀው የሌለው ሻጭ ራሱ ገልብጦ ያሳይዎታል።"

እውነትም ሆነ። ጋሼ ጣሰው ከሊዮን ጋር ወደ ሾው ተመልሰው ከአንዲት አሮጊት አርቢ ዘንድ አንዲት ፍሌሚሽ መረጡ። በፍርሃት "ላያት እችላለሁ?" ሲሉ ሴትዮዋ ተደሰቱና ራሳቸው እግሯን ገልብጠው፣ ጥርሷን ከፍተው፣ እናት አባቷን ቆጥረው አሳዩዋቸው። አዲሷ ሙሽሪት ወር ያህል በእንግዳ መኝታ ክፍል ተቀመጠች። እትዬ እናናዬ ከአገር ቤት እንግዳ ቢመጣ የት ይተኛል ብለው ጠየቁ፤ ሶፋ አለ ተባሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አቶ አምሳሉ መጡ። ልብስ ቀይረዋል፤ ገና ከመግባታቸው ሳይጠየቁ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ትምህርት የገባው ሰው እንዲህ ነው። ሻይ ሲቀርብ ግን አልተቀመጡም።

"የእኔን አየህ፤ አሁን የአንተን ልየው" አሉ።

ጋሼ ጣሰው በኩራት ጋራዡን ከፈቱ። ባሻ እንደ ልማዱ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። አቶ አምሳሉ ሩሃማ እንዳስተማረችው ዓይኑን አዩ፣ ጆሮውን አዩ፣ ጥርሱን አዩ፤ ሁሉም ጥሩ ነው። እጃቸውን ወገቡ ላይ ጫኑ። ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ።

"አከርካሪው የት ሄደ?"

"ይወፍርልኛል" አሉ ጋሼ ጣሰው። "ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ሙዝ። እንደ ሙክት ነው የያዝኩት።"

አቶ አምሳሉ ባሻን በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሡና የኋላ እግሮቹን ገለበጡ። የተረከዙ ፀጉር አልቆ ቆዳው ቀልቷል፤ አንዱ ጋ ሊሰነጠቅ ደርሷል።

"ጣሰው" አሉ፣ "ይህ እንስሳ የገዛ ሸክሙ እግሩን ልጦታል። ከእኔ ጥንቸል በሽታ አተረፍከው፤ በዳቦህ ግን እየጎዳኸው ነው።"

የጋሼ ጣሰው ፊት ጋለ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጋራዤ፣ በገዛ ባሻዬ የሚለው ሁሉ ምላሳቸው ላይ ደረሰ። በግ ተራ ነጋዴ ያስበረገገ እጅ፣ ውፍረትና ጤና መለየት አቃተው ተብሎ ሊነገረው? ባሻን አዩት። ያን ቀላ ያለ ቆዳ በጣታቸው ነኩት፤ ባሻ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። አሞታል። ስንት ጊዜ እያመመው ዳቦ አብልተውታል? ምላሳቸው ላይ የነበረውን ዋጡት።

"ሌላስ?" አሉ።

"ጥፍሩም ረዝሟል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ልቡ ደህና ነው።"

በዚያው ሳምንት ዳቦውና ሙዙ ቆመ፤ ድርቆሽ በገፍ፣ መኖ በመጠን ሆነ። በጎጆው የሽቦ ወለል ላይ ለስላሳ ምንጣፍ ተነጠፈለት፤ ሩሃማ የሰጠችውን ቅባት ጋሼ ጣሰው በየቀኑ ይቀቡታል። ቅጠል ሲረግፍ የባሻ ተረከዝ ፀጉር አወጣ፣ ወገቡ በእጅ ተገኘ፣ ሾው ላይም ሊቀርብ ተመዘገበ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ይህ ነው፤ በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ከዚያ ወዲህ በሆድ የሚያዝ ነገር የለም። የሚሸጥ ይታያል፣ የሚሰጥ ይታያል፤ የታመመ ታመመ ይባላል፣ የማይፈለግ አልፈልግም ይባላል፤ ሰውም ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል።

ያን እሑድ ግን ገና ቅባቱም አልመጣም ነበር። ጋሼ ጣሰው ባሻን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት፤ አቶ አምሳሉ መነጽራቸውን አድርገው የጥፍር መቁረጫ ይዘው ጎንበስ አሉ። ደሙ የሚያልፍበትን እየተጠነቀቁ አንድ፣ አንድ እያሉ ይቆርጣሉ።

"አምሳሉ" አሉ በመጨረሻ ጋሼ ጣሰው፣ ከባሻ ጆሮ በላይ እያዩአቸው። "ያን ቀን የአንተን ባላይ ኖሮ፣ ዛሬ አንተም የእኔን አታይልኝም ነበር።"

"አላይልህም ነበር" አሉ አቶ አምሳሉ፤ "እግሩን ያዝልኝ።"